ተሰፍቶ የቀረበው ተርኪ

እጄ ሥራ ሲያጣ ልቤ ይረበሻል። ልጆቼ ይህን ጠባዬን ያውቃሉ። ሴት ልጄ የዚያን ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«እማዬ፣ በናትሽ ተርኪውን እንዳትነኪው። ከፍሪጅ አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው፣ በቃ። እኔ ለምሳ ሰዓት እደርሳለሁ።»

«ምን አደርገዋለሁ ብለሽ ነው?»

«እሱን አላውቅም። አንቺን ግን አውቅሻለሁ።»

የምትሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው፤ በዓልም ቢሆን ግማሽ ቀን ትገባለች።

ቴንክስጊቪንግ፣ ካናዳውያን ተርኪ የሚሉትን ትልቅ የፈረንጅ ዶሮ የሚበሉበት የምስጋና በዓል፣ የኛ አይደለም። እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ ያን ሰኞ የምናውቀው በዕረፍቱ ነው። ባለቤቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለሚነዳ አርፍዶ ይነሳል፣ እኔ ልብስ አጥባለሁ፣ ቀኑ ያልፋል። የዘንድሮውን ያመጣችብን ሴት ልጄ ናት። «ፋሲካ ቢሆን ወንድሜ አይመጣም፣ አባዬንም ኩራቱ አይለቀውም» አለችኝ። «ይሄ ግን የማንም አይደለም። ተርኪ ሊበላ መጣ ይባላል። ማንም ማንንም ይቅርታ አይጠይቅም።»

ወንድ ልጄና አባቱ የተኳረፉት ከፋሲካ በፊት ነው። ልጁ ኮሌጅ ገብቶ ኮምፒውተር ይማር ነበር። ለካ ትምህርቱን ትቶ ጣራ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ገብቶ ኖሯል፤ የሰው ቤት አናት ላይ ወጥቶ ምስማር ይመታል። አባቱ ሲሰማ፣ «አንተን ባሕር ያሻገርኩህ ጣራ እንድትወጣ ነው?» አለው። ልጁም የአባቱ ልጅ ነው፣ ውጦ ዝም አይልም። «የተማርኩት ላንተ ብዬ ነው፣ የተውኩት ለራሴ ብዬ ነው» አለው። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልጽፈውም። ልብሱን በቦርሳ ይዞ ወጣ። አሁን ኢስት ዮርክ የሚባል ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ምድር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። እኔ በስልክ አገኘዋለሁ። ስልኬ ሲጠራ አባቱ አጠገቤ ካለ ውሃ ልጠጣ ብሎ ይነሳል። ውሃ የሚባል ነገር ግን አይጠጣም፣ ኩሽና ውስጥ ቆሞ ያዳምጣል።

እኔ ፈሪ ነኝ። ድሮም ፈሪ ነበርኩ፣ ልጁ ጣራ ላይ መውጣቱን ከሰማሁ ወዲህ ግን ነፋስ ራሱ ጠላቴ ሆኗል። የምንኖረው ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር በረንዳ ወጥቼ የዛፎቹን ጫፍ አያለሁ። ዛፉ ካጎነበሰ ለልጁ እደውላለሁ። ካላነሳ ቁጭ ማለት የለም፤ የታጠበ ሳህን መልሼ አጥባለሁ።

በዚህ ላይ ደግሞ አልበርታ የሚባል ሩቅ ክፍለ ሀገር መጣብኝ። አለቃው ሠራተኞቹን ይዞ ለሥራ ወደዚያ ሊሄድ ነው አሉ፣ ልጁንም ና ብሎታል። ከበዓሉ በኋላ መልስ እንዲሰጠው ነግሮታል። ይህን ያወራችኝ ሴት ልጄ ናት። «እማዬ፣ አልወሰነም። ሰኞ አባዬ ደህና ከተቀበለው የሚቀር ይመስለኛል። ከተጣሉ ግን ሄደ ማለት ነው» አለችኝ። አልበርታ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ምነው ባልጠየቅኳት አልኩ።

አባትየውስ ምን እያሰበ ነው? ከቅዳሜ ጀምሮ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ስልኩን ያያል። አንዴ ልብስ ላስቀምጥ ብዬ ድንገት ስገባ ስልኩን አልጋው ላይ በግንባሩ ደፋው።

«ምንድን ነው የምታየው?»

«ዜና።»

ዜና የሚያይ ሰው ስልኩን አይደፋም። አንድ ነገር እየመከረ ነው፣ ልጁ ሲመጣ የሚናገረውን እያጠና ነው አልኩ።

እንግዲህ ሴት ልጄ ከወጣች በኋላ ተርኪውን ከፍሪጅ አወጣሁት። እንዳለችኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ቤቱን ጠረግሁ። ተመልሼ አየሁት። የጠረግሁትን ቤት መልሼ ጠረግሁ። እሱ እግሩን ሰቅሎ በጀርባው ተኝቷል። ሕፃን ልጅ ያክላል፣ ነጭ ነው፣ ያስፈራል። ማን እንዳረደው አላውቅም፣ በስመ አብ ይባልበት አይባልበት አላውቅም። ቢያንስ ልጠበው አልኩ። ማጠብ መንካት አይደለም።

ሎሚና ጨው ይዤ ማጠቢያው ውስጥ አስገባሁት። እጄን ሆዱ ውስጥ ስከት በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ያዝኩ። ጮህኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት።

«ምንም!»

በዚህ አገር ምግብ ውስጥ ምን ምን እንደሚከተት ስንት ወሬ ሰምቻለሁ። ወረቀቱን በቢላ ጫፍ ስገልጠው አንገቱና ጉበቱ ነው። እፎይ አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ አንገት የሌለው ዶሮ ሙሉ አይባልም።

ጥፋቱ የጀመረው ከዚህ ነው። ቆዳው እያለ የቱንም ያህል ቢታጠብ ውሃው አይጠራም። ዶሮ ከነቆዳው ታጥቦ ጠራ የሚል ሴት ካለች እጇን ልሳም። በአንድ በኩል ገፈፍ አደረግሁት። በአንድ በኩል ብቻ የተገፈፈ ደግሞ ያስቀይማል፣ በሌላውም ገፈፍኩት። ቆዳው ሲወጣ መገጣጠሚያው ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እጄ የለመደውን ሥራ ሲያገኝ እኔን አያማክረኝም። ታፋውን ከወገቡ አላቀቅሁ። አንዱ ብልት ከወጣ ሌላው ይከተላል። እኔ ልቤ ሌላ ቦታ ነው፤ ልጁ በር ላይ ሲቆም አባቱ ምን ይለው ይሆን፣ እሱስ ምን ይመልስለት ይሆን እላለሁ። ቀና ስል ተርኪው እንደ ዶሮ ወጥ ዶሮ አሥራ ሁለት ሆኖ ትሪ ላይ ተደርድሯል። ቆዳውንም በኮሪደሩ የቆሻሻ ቀዳዳ ወደ ታች ለቅቄዋለሁ። ያን ጊዜ እንኳ ስህተት መሥራቴ አልታየኝም። እንዲያውም አንድ አጥንት ሳልሰብር ያን የሚያህል ነገር በመበለቴ ኮራ ብዬ ነበር።

ሴት ልጄ ስትመጣ ጃኬቷን ሳታወልቅ ኩሽና ገባች። ትሪውን አየች። እኔን አየች።

«እማዬ፣ ተርኪው የታለ?»

«ይኸው።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተርኪው ነዋ። በለትኩት።»

«ኦ ማይ ጋድ! በኦቨን እኮ ነው የሚጠበሰው፣ ሙሉውን! ቆዳውስ?»

«ጣልኩት።»

«እማዬ፣ ሰው የሚወደው ቆዳውን ነው!»

«ማነው ቆዳ የሚወደው?»

«ካናዳ በሙሉ!»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ ስደነግጥ ለካ በሳቅ ነው።

«አትንኪው አላልኩሽም?»

«አልነካሁትም። አጠብኩት እንጂ።»

ይህን ስላት ይባስ ብሎባት ወለሉን በመዳፏ መታችው። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተና ባለቤቴ መጣ። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?» አለ። ትሪውን ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ። እጁ ላይ ረዘም ያለ ሳጥን ነበር፤ ከጀርባው ሊደብቀው ሲል ልጄ ከተቀመጠችበት እጇን ሰድዳ ቀማችው። ከፈተችው። ረጅም ቢላና ሁለት ጥርስ ያለው ትልቅ ሹካ ነው፣ አዲስ፣ ገና ከነላስቲኩ።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል።»

«አባዬ!»

«እዚህ አገር» አለ ግድግዳውን እያየ፣ «ገበታ ላይ ተርኪውን የሚቆርጠው አባት ነው አሉ። ቆርጦ ለልጆቹ ያድላል። እሱን በስልክ እያየሁ ስማር ነበር።»

ያኔ ገባኝ። ይህ ሰው ዶሮ አርዶ ሰጥቶኝ ያውቃል እንጂ አንዲት ብልት አውጥቶ አያውቅም፤ የሴት ሥራ ነው ሲባል ነው ያደገው። ይቅርታ የሚባለው ቃልም ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። የመጣለት መላ ይኸው ነበር፤ ቆርጦ የመጀመሪያውን ለልጁ ሊያቀርብለት። እኔ ደግሞ ቀድሜ በለትኩበት።

«አላወቅኩም እኮ» አልኩት። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ሦስታችንም ትሪውን አየን። ሴት ልጄ ሳቋ ጠፋ። እሱ ሳጥኑን ተቀብሎ ከደነ፣ መልሶ ከፈተ፣ ከዚያ፣ «ስፉት» አለ።

«ምን?»

«መልሳችሁ ስፉታ! መርፌ የለሽም? አሥራ ሁለት ያደረግሽው አንቺ ነሽ፣ አንድ አድርጊው።»

መርፌውን በፈላ ውሃ አጠብኩ። ክሩ ብርድ ልብስ የምሰፋበት ወፍራም ነጭ ክር ነው። ሴት ልጄ ትይዛለች፣ እኔ እሰፋለሁ።

«እማዬ፣ ያ ግራ ነው።»

«ተርኪ ግራና ቀኝ አለው?»

«ሁሉም ነገር ግራና ቀኝ አለው። አሁን የሚሄደው ወደ ኋላ ነው።»

«የትም አይሄድም፣ ያዢልኝ ብቻ።»

ባለቤቴ በላያችን ቆሞ፣ «አጥብቂው፣ እንዳይፈታ» ይላል፤ ሲያሻው ደግሞ፣ «አታጥብቂው፣ ቢላው እንዲገባ» ይላል። በቆዳው ፋንታ ንጥር ቅቤ ከበርበሬ ጋር ለወስንና ቀባነው። ኦቨን ስናስገባው ቀይ፣ ጠማማ፣ ከጠብ የተመለሰ ይመስል ነበር። ከአንገቱና ከጉበቱ ደግሞ ስልስ ሠራሁ።

መቅመስ ግን አልችልም። ቴንክስጊቪንግ ሁልጊዜ የሚውለው ጽጌ ከገባ በኋላ ነው። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ የያዘ ይይዛል፣ ያልያዘ አይጠየቅም። ዘንድሮ የያዝኩት ለአባትና ለልጁ እርቅ ብዬ ነው። ስለዚህ ማንኪያውን ለባለቤቴ ሰጠሁት።

«ጨው ቅመስልኝ።»

«ትንሽ አንሷል።»

ጨመርኩ። «አሁንስ?»

«አሁን ደህና ነው።» ማንኪያውን አስቀመጠ። ሊወጣ ብሎ ዞረ። «ልጁ ግን ጨው ይወዳል» አለኝ።

ከተጣሉ ወዲህ ልጁን በአፉ ሲያነሳ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጨው ጨመርኩ። ሳይበዛ አልቀረም።

ልጁ የመጣው ሊመሻሽ ሲል ነው። ቁልፍ አለው፣ ግን የበሩን ደወል ደወለ። በሩን ስከፍት ከሱቅ የገዛውን፣ የዱባ ፓይ የሚሉትን ጣፋጭ በሁለት እጁ ይዞ፣ የሥራ ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል። ከስቷል፣ ትከሻው ግን ሰፍቷል፣ ጣቶቹ ተሰነጣጥቀዋል። አቅፌው ስስመው ከአንገቱ የሬንጅ ሽታ ሸተተኝ።

«ጫማ ላውልቅ?» አለ።

በዚህ ቤት አድጎ ጫማ ላውልቅ ይላል፣ እንደ እንግዳ። ከኋላዬ አባቱ፣ «ግባ፣ በሩን ዝጋው» አለ። ደህና ነህም አላለም። ልጁ ጫማውን አውልቆ ከአባቱ ጫማ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው።

ገበታው ላይ ሴት ልጄ ደንብ አወጣች። ሁሉም በየተራ የሚያመሰግንበትን ይናገራል። ራሷ ጀመረችና ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጤናዋ ብዙ አለች። አባቱ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ዘጋ። ልጁ፣ «ለምግቡ» አለ። እኔ ጋ ሲደርስ ብዙ የምለው ነበረኝ፣ ግን የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚያስቆጣ ስለማላውቅ፣ «ብሉ፣ ሳይቀዘቅዝ» አልኩ።

ባለቤቴ ተነሳ። ቢላውንና ሹካውን ያዘ። ክሩ በበርበሬው ሥር እንዳይታይ እየጸለይኩ ነበር። ስልኩ ላይ እንዳየው ሹካውን ደረቱ ላይ ተከለ፣ ቢላውን ታፋው ጋ አሳረፈ፣ ገና ሳይጫነው እግሩ ወልቆ ሰላጣው ላይ ወደቀ። ሹካውን ሲያነሳ ደግሞ ክንፉ ተከትሎት ተነሳ፣ በክር ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ።

የባለቤቴ ጆሮ ቀላ። ያን ቀለም አውቀዋለሁ፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውንም አውቀዋለሁ። ልጁ ክሩን በጣቱ ያዝ አድርጎ አየው።

«አባዬ፣ ተርኪው ኦፕሬሽን ተደርጓል እንዴ?»

«እናትህን ጠይቃት።»

«እማ?»

«አጠብኩት» አልኩ።

ሴት ልጄ ከወንበሯ ተንሸራተተች። ልጁ ሳቀ፣ እንደ ድሮው፣ አፍንጫውን ይዞ። አባቱ መሳቁን ሊከለክለው ፈልጎ ከንፈሩን ነከሰ፣ ግን አፈተለከው። «ከቅዳሜ ጀምሮ ያጠናሁትን!» አለ። «ካንዲት ሴት እጅ ያልተረፈ ተርኪ!» ቢላውን አስቀመጠና፣ «በይ አንቺው አድዪው፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለኝ።

ስልሱን እያፈሰስኩበት ማደል ጀመርኩ። እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ፈረሰኛው ቀርቷል። በኛ ቤት ፈረሰኛ፣ ያ የደረቱ ምርጥ ብልት፣ የአባወራ ነው፤ ልጆቼ ይህን እያዩ ነው ያደጉት። ለአባቱ ብሰጠው ልጁ አሁንም አንተ በታች ነህ የተባለ ይመስለዋል። ለልጁ ብሰጠው አባቱ በልጁ ፊት ተዋረደ። ሁለቱም ጭልፋዬን ያያሉ። እጄ እንደ ልማዱ አባቱ ሳህን ላይ አሳረፈው።

ባለቤቴ ሳህኑን ትንሽ አየው። ከዚያ ፈረሰኛውን በሹካው አንስቶ፣ ቀና ሳይል፣ ልጁ ሳህን ላይ አደረገው።

«ያንተ ነው፣ አባዬ» ብሎ ልጁ መለሰለት።

«ብላ።»

«አንተ ብላ።»

አባቱ አንስቶ መሐል ትሪው ላይ አኖረው። እዚያው ቀረ። ሁሉም ሌላውን ይበላል፣ ፈረሰኛውን ማንም አይነካም። እኔ ሽሮዬን እየበላሁ ከሱ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ትንሽ ቆይቶ ባለቤቴ፣ «አልበርታ ትሄዳለህ አሉ» አለ።

ሴት ልጄ አየችኝ። እኔ አልነገርኩትም። ለካ ኩሽና ቆሞ ሲያዳምጥ ሰምቷል።

«ገና አልወሰንኩም» አለ ልጁ።

«እዚያም ጣራ ነው?»

«ጣራ ነው።»

«ከጣራ ወደ ጣራ» አለ አባቱ።

በክፋት ይሁን ለመቀለድ አልለየሁትም። ልጁም አልለየው። አፉን ጠረገ፣ ሶፍቱን አጣጠፈ፣ ተነሳ። «ነገ ጠዋት ሥራ አለኝ» አለ። ፓይዋ እንኳ አልተቆረጠችም። ተከትዬው በሩ ጋ ሄድኩ። ተመልሼ ፈረሰኛውን በፎይል ጠቀለልኩና የጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩለት። ዞር ስል ባለቤቴ ጫማውን እያሰረ ነው።

«ሰብዌይ ባቡር ጣቢያ ድረስ አደርሰዋለሁ።»

«በባስ እሄዳለሁ» አለ ልጁ።

«ባስ ነጂ እኔ ነኝ» አለው፣ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

ኤሌቬተሩ ተዘግቶባቸው ወረደ። እኔ በረንዳ ሮጥኩ። ከላይ ሆኜ ፓርኪንጉን አያለሁ። ሁለቱ ተራርቀው ሄዱ፣ መኪናው ውስጥ ገቡ፣ መብራቱ በራ። መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም። እጠብቃለሁ፣ አይንቀሳቀስም። እየተሰዳደቡ ነው አልኩ። አንዱ በር ይከፈታል፣ ልጁ ወጥቶ ይሄዳል፣ ከዚያ አልበርታ ነው አልኩ።

«ልውረድ?» አልኳት ሴት ልጄን።

«እማዬ፣ እንዳትነኪው» አለችኝ።

በሩ አልተከፈተም። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ሲገባ መኪናው ወደ ኋላ ወጣና በቀስታ ሄደ። ባለቤቴ እስኪመለስ ድረስ ድስቱን አጠብኩ፣ ኦቨኑን ፈገፈግሁ፣ የተረፉትን ክሮች ከሥጋው ለቀምኩ።

ሲገባ ከኪሱ ፎይሉን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ገለጥ አደረግሁት። አጥንት ብቻ ነው፣ ጥርት ብሎ የተጋጠ።

«ማን በላው?»

«ጨው በዝቶበታል» አለኝ። ጃኬቱን ሰቀለ። «ገመድ አላቸው።»

«የምን ገመድ?»

«ጣራ ላይ ሲወጡ የሚታሰሩበት። ከወገብ እስከ ትከሻ ይያያዛል። አንዱን ከቦርሳው አውጥቶ አሳየኝ፣ ጎትቼ አየሁት። ጠንካራ ነው።»

«አልበርታስ?»

«አልጠየቅሁትም። ቅዳሜ ግን የሚሠራበትን ቤት ሊያሳየኝ ነው፣ እዚሁ ስካርቦሮ ነው አለኝ። ቅዳሜ እዚሁ ነው ማለት ነው።»

ቢላውን አጥቦ አደረቀው፣ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። እኔ አሁንም ቁጭ አላልኩም።

«አንተስ? ልትወጣ ነው እንዴ ጣራው ላይ?»

እሱ የዱባዋን ፓይ መክፈት ጀመረ። ሴት ልጄ ሶፋው ላይ ስልኳን ይዛ ተጋድማለች። አጠገቧ ሄጄ ጎንበስ አልኩ።

«እስቲ ቅዳሜ ነፋስ እንዳለ እይልኝ» አልኳት።